ኤስትሮጅን ብቻውን አይላክም

ቅዳሴ አብቅቶ ሰዉ ተበትኗል። ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ወንበር አቀራርበው ተቀምጠዋል። ቡና ይቀዳል፣ ዳቦ ይዞራል። ከፊታቸው ያለችው በሴቶች ጤና ክሊኒክ ለብዙ ዓመት የሠራች ኢትዮጵያዊት ነርስ ናት፤ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚሏት። ጠረጴዛው ላይ የመድኃኒት ካርቶኖች፣ ጄል ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፉ ስስ ፕላስተሮችና እንክብል የያዘ ትንሽ ብልቃጥ ደርድራለች። የዕለቱ ርእስ ማረጥ ነው።

መጀመሪያ ላይ አፍ የሚከፍት ጠፋ። አንዷ ደፍራ ስለ ሌሊቱ ላብ ስታነሳ ግን ወሬው ከየአቅጣጫው መጣ። በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ አንሶላ የምትቀይር አለች። "ግፊት ነው" ብላ ተመላልሳ የተለካች፣ ታይፎይድ መስሏት ደም የሰጠች አለች። አንዷ ሙቀቱ ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷ ላይ ሲወጣ ሥራ ቦታዋ ያለው ሰው ሁሉ የሚያያት እንደሚመስላት ተናገረች። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከባለቤቷ ጋር አልጋ ከለዩ መቆየታቸውን ነገረቻቸው። ልጅ አሳድገው፣ ሁለት ሥራ እየሠሩ፣ አገር ቤት ያለውን ቤተሰብ እየረዱ እዚህ የደረሱ ሴቶች ናቸው። እንቅልፍ አጥተው መክረማቸውን ግን ብዙዎቹ ለሐኪማቸው እንኳ አልነገሩም። "ያልፋል" ተብለው ነው የኖሩት። በአሜሪካ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው ስዋን የተባለው ጥናት እንዳሳየው ሙቀቱና ላቡ ከሴቶቹ በግማሾቹ ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ይቆያል፤ በአፍሪካ አሜሪካውያን ሴቶች ዘንድ ደግሞ አሥር ዓመት ገደማ ይደርሳል። ያን ያህል ጊዜ ችሎ ማሳለፍ ለማንም የሚመከር አይመስለኝም።

የዚያን ቀን ዋናው ነገር የመጣው ከኋላ ረድፍ ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ሆርሞን ከታዘዘላት ወዲህ ሰው መሆኗን ተናገረች። "ለእትዬም ላክሁላት" አለች፣ ደስ እያላት። "አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ጄሉን በሻንጣ አስያዝኩ። እሷንም ላቡ ተዋት።"

"እንክብሉንስ?" አለቻት ሲስተር።

"እሱ የእንቅልፍ አይደል? ስውጠው ይደብተኛል። እትዬ ደግሞ እንቅልፍ አይቸግራትም።"

"እትዬ ስንት ዓመታቸው ነው? ማህፀናቸውስ አለ?"

"ስልሳ ሁለት። አዎ፣ አለ። ምን ሆኖ?"

"ደም አይተው ያውቃሉ?"

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። "ነጠብጣብ አየሁ ብላኛለች። ወር አበባዬ ተመለሰ፣ ልጅ ሆንኩልሽ ብላ ስትስቅ ነበር።"

ሲስተር ጄሉንና የእንክብሉን ብልቃጥ አንስታ በአንድ እጇ አጣምራ ያዘች። "እነዚህ ሁለቱ ማህፀን ላላት ሴት አንድ መድኃኒት ናቸው" አለች። "አንዱን ለብቻው ለማንም አትላኩ። ለራሳችሁም አንዱን ትታችሁ አንዱን አትውሰዱ።"

ጄሉ ኤስትሮጅን፣ እንክብሉ ፕሮጄስትሮን ነው። ሴት ልጅ በወር አበባ ዘመኗ ሁለቱን ሆርሞኖች በራሷ አካል ታመርታለች። ኤስትሮጅን የማህፀኗን ውስጠኛ ሽፋን ያሳድጋል፣ ያወፍራል። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚመጣው ፕሮጄስትሮን ያንን እድገት ይገታል፤ እርግዝና ከሌለ ሁለቱም ይወርዱና ሽፋኑ ተልጦ የወር አበባ ሆኖ ይወጣል። ማረጥ ሲመጣ የሁለቱም ምንጭ ይደርቃል። ለሙቀቱ፣ ለላቡ፣ ለብልት ድርቀቱና ለአጥንት መሳሳቱ ዋናው ምክንያት የኤስትሮጅን መቀነስ ስለሆነ ፍቱን የሚባለው መድኃኒትም ኤስትሮጅን ነው። ብቻውን ሲሰጥ ግን ማህፀኑ "በቃህ" የሚለው ያጣል። ሽፋኑ ሳያቋርጥ ያድጋል፤ ውሎ አድሮ ሴሎቹ መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ከእነዚህም ወደ ካንሰር የሚሄዱ አሉ። ጥምር የሆርሞን ሕክምና የሚባለው ለዚህ ነው፤ ኤስትሮጅኑ የሴትዮዋን ሕመም ያስታግሳል፣ ፕሮጄስትሮኑ ማህፀኗን ይጠብቃል። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ኤስትሮጅን ብቻ ይበቃታል።

ችግሩ ያለው ጠባቂው መድኃኒት ሥራውን በዝምታ መሥራቱ ላይ ነው። ጄሉ ላቡን ሲያቆመው ሴትዮዋ በሳምንታት ውስጥ ይታወቃታል። ፕሮጄስትሮኑ ግን ማህፀኗ ውስጥ የሚያደርገውን አታየውም፤ የምታውቀው መደበቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር፣ ሻንጣ ሲሞላ፣ ወይም ጾም ገብቶ መድኃኒት መቀነስ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው።

ይህ እውቀት በነጻ አልተገኘም። ፕሪማሪን የተባለው፣ ከእርጉዝ ፈረሶች ሽንት የሚሠራው የኤስትሮጅን እንክብል አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። በ1966 ሮበርት ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የማህፀን ሐኪም ባሳተመው መጽሐፍ ማረጥን እንደ በሽታ፣ ኤስትሮጅንን ደግሞ እንደ ወጣትነት መመለሻ አድርጎ አቀረበው፤ ሽያጩም አሻቀበ። ያኔ የሚሰጠው በአብዛኛው ኤስትሮጅን ብቻውን ነበር። በታኅሣሥ 1975 በአንድ የሕክምና መጽሔት እትም ላይ ጎን ለጎን የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ ኤስትሮጅን የሚወስዱ ሴቶች በማህፀን ሽፋን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማይወስዱት ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳዩ። ፕሮጄስትሮን መጨመር የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ፔፒ የተባለው ሌላ ጥናት በ1996 ያወጣው ውጤት ደግሞ ክርክሩን ዘጋው፤ ማህፀን እያላቸው ለሦስት ዓመት ኤስትሮጅን ብቻ ከወሰዱት ሴቶች ከ100ው 62ቱ ሽፋናቸው ከልክ በላይ አድጎ ተገኘ። ፕሮጄስትሮን የተጨመረላቸው ግን ምንም ሆርሞን ካልወሰዱት እምብዛም አልተለዩም። ከ100 ስልሳ ሁለት። በሻንጣ የሄደውን ጄል ሳስብ ይህ ቁጥር ነው የሚመጣብኝ።

ከፊተኛው ረድፍ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሌላ ፍርሃት አነሡ። "እኔን እኮ በዚያን ጊዜ ሐኪሜ ጣዪው አለኝ፤ ካንሰር ያመጣል ተባለ" አሉ። ያ ጊዜ ሐምሌ 2002 ነው። ከዚያ አዳራሽ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤተዝዳ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚመራው ዊመንስ ሄልዝ ኢኒሼቲቭ የተባለ ትልቅ ጥናት የጥምር ሆርሞኑን ክፍል ከታሰበለት ጊዜ አስቀድሞ አቆመ። ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት፣ በአማካይ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ጥናት ነበር። ዜናው የጡት ካንሰር በ26 በመቶ ጨመረ ብሎ ወጣ። በመላው ዓለም ሴቶች እንክብላቸውን ጣሉ፤ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ።

ሲስተር ነጭ ሰሌዳ ላይ ቁጥሮቹን እንደገና ጻፈችላቸው። ሆርሞን ካልወሰዱ 10,000 ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ 30ዎቹ የጡት ካንሰር ያዛቸው፤ ጥምሩን ከወሰዱት 38ቱ። ልዩነቱ ስምንት ነው። ስትሮክ ከ21 ወደ 29፣ ሳንባ ላይ የሚወጣ የደም መርጋት ከ8 ወደ 16፣ የልብ ሕመም ከ30 ወደ 37 ከፍ አለ። በሌላ በኩል የዳሌ አጥንት ስብራት ከ15 ወደ 10፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከ16 ወደ 10 ወረደ። "26 በመቶውም ስምንቱም እውነት ናቸው" አለች። "ግን ቤታችሁ ሄዳችሁ ልትመዝኑት የምትችሉት ስምንቱን ነው።" ስምንት ሴት ስምንት ቤተሰብ ናት፤ ማቃለል አይገባም። ሌሊት ሌሊት ሳትተኛ ለከረመች፣ ሌላ የጤና እክል ለሌለባት የሃምሳ ዓመት ሴት ግን ይህ ቁጥር በሩን የሚዘጋ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ጥናት የተካፈሉት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። የደም ሥሯ በዕድሜ የጠነከረ ሴት አዲስ ኤስትሮጅን ስትጀምርና ገና እያረጠች ያለች ሴት ስትጀምር አደጋው እኩል አይደለም። ዛሬ የሙያ ማኅበራት የሚስማሙበት መመዘኛ ከዚህ የወጣ ነው፤ ዕድሜዋ ከ60 በታች የሆነ፣ ወይም የመጨረሻው የወር አበባዋ ከቀረ አሥር ዓመት ያልሞላት፣ የሚከለክል ሕመም የሌለባትና ምልክቱ ኑሮዋን ያወከው ሴት ከሕክምናው የምታገኘው ጥቅም ብዙውን ጊዜ ከአደጋው ይበልጣል። ከ65 ዓመት በላይ የሆናቸው ሴቶች ጥምሩን ሲጀምሩ የመርሳት በሽታ መጨመሩን ያው ጥናት በ2003 አሳይቷል። "የማስታወስ ችሎታዬን ይመልስልኝ" ብሎ በዚያ ዕድሜ መጀመር ተገቢ አይደለም። አዲስ አበባ ያሉት እትዬ እንግዲህ በሁለት በኩል ከመስመር ወጥተዋል፤ ጠባቂው መድኃኒት የላቸውም፣ የሚጀመርበት ዕድሜም ሳያልፋቸው አልቀረም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ ማንሳት አለብኝ፣ ብዙ የተማሩ ሴቶች ሲወድቁበት ስላየሁ። ማህፀናቸው ለወጣላቸው 10,739 ሴቶች ኤስትሮጅን ብቻ የተሰጠበት የጥናቱ ሌላ ክፍል በ2004 ሲቆም የጡት ካንሰር አለመጨመሩ ታወቀ፤ በኋላ በተደረገ ረጅም ክትትልም ቀንሶ ተገኝቷል። ይህን ያነበበች ሴት "ክፉው ፕሮጄስትሮኑ ነው ማለት ነው፤ እሱን ልተወው" ብላ ልትደመድም ትችላለች። እነዚያ ሴቶች ግን ማህፀን የላቸውም። ማህፀን ያላት ሴት የእነሱን ውጤት ለራሷ ወስዳ እንክብሉን ብትጥል የጡቷን ሥጋት ለመቀነስ ስትል ማህፀኗን ታጋልጣለች። የሚሻለው የፕሮጄስትሮኑን ዓይነትና መጠን ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው። በ2002ቱ ጥናት የተሰጠው ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለ ሰው ሠራሽ እንክብል ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚመርጡት አካል ራሱ ከሚያመርተው ጋር አንድ የሆነውን፣ ማይክሮናይዝድ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ነው። በፈረንሳይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ከጡት ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት ዝቅ ያለ መሆኑን አመልክቷል። የ2002ቱን የሚያህል ትልቅ ሙከራ ግን አልተደረገበትም፤ ስለዚህ "ምንም ጉዳት የለውም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ጥያቄዎቹ አሁን ወደየግል ጉዳይ ዞሩ። "እኔ ግፊት አለብኝ፤ አይሆንልኝም ማለት ነው?" አለች አንዷ። ግፊቱ በመድኃኒት ልክ ከገባ አይከለክልም፤ ሳይለካ መጀመር ግን የለበትም። በእርግጥ የሚከለክሉት ሌሎች ናቸው፤ የጡት ካንሰር ወይም ሌላ በኤስትሮጅን የሚያድግ ካንሰር የያዛት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የማህፀን ደም የሚፈሳት፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ጥቃት የደረሰባት፣ ጉበቷ በሕመም ላይ ያለ ሴት ያለ ስፔሻሊስት ምክር ኤስትሮጅን አትጀምርም። እናቷ ወይም እህቷ በጡት ካንሰር የታመመችባት ሴት ወዲያው "አይሆንም" አትባልም፤ ታሪኩን በዝርዝር ለሐኪሟ መንገር ግን አለባት። በቤተሰብ ውስጥ "በክፉ በሽታ ሞተች" ተብሎ የታለፈ ሞት ካለ ምን እንደነበረ ጠይቆ ማጣራት እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

የሚወሰድበት መንገድም ለውጥ አለው። በአፍ የሚዋጥ ኤስትሮጅን ከአንጀት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው፤ ጉበትም ደም የሚያረጉ ነገሮችን እንዲያበዛ ይገፋፋዋል። በቆዳ የሚገባው፣ ማለትም ጄሉና ፕላስተሩ፣ በቀጥታ ወደ ደም ስለሚደርስ በተለመደው መጠን የደም መርጋትን ዕድል ሲጨምር አልታየም። ለወፈረች፣ ለምታጨስ፣ ግፊት ወይም ስኳር ላለባት ሴት ሐኪሞች በቆዳ የሚሰጠውን የሚመርጡት ለዚህ ነው። በየዓመቱ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለምትመላለስ ሴትም ትርጉም አለው፤ ከአሥር ሰዓት በላይ ሳይነቃነቁ አውሮፕላን ውስጥ መቀመጥ በራሱ ለእግር ደም መርጋት ምክንያት ነውና።

ሲስተር ጄሉ እንዴት እንደሚቀባ ልታሳይ እጅጌዋን ሰበሰበች። የጠርሙሱን አናት አንድ ጊዜ ስትጫን ግልጽ፣ ቀዝቃዛ ጄል መዳፏ ላይ ወጣ። ከእጅ አንጓዋ እስከ ትከሻዋ ድረስ በስሱ ዘረጋችው፤ አላሸችውም። "ደረት ላይ፣ ጡት ላይ በጭራሽ" አለች። ክንዷን ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳትሸፍን ቆየች፤ ጄሉ አልኮል ስላለበት እስኪደርቅ ከምድጃና ከክብሪት መራቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች። ቅባትና ሎሽን ወዲያው መደረብ መድኃኒቱ እንዳይገባ ስለሚያውክ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይዘገያል። "የልጅ ልጅ የምታቅፉ" ብላ ቆም አለች፤ ብዙዎቹ ፈገግ አሉ። "ክንዳችሁ ሳይደርቅ ሕፃኑን አታንሱት። ከደረቀም በኋላ እጅጌ ያለው ልብስ አድርጉ። ሆርሞኑ በንክኪ ወደ ልጁ ቆዳ ይሄዳል።" ፕላስተሩን የሚመርጡ ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫ ላይ፣ ቦታ እየቀያየሩ ይለጥፉታል፤ እንደ ዓይነቱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይለወጣል።

እንክብሉ የሚዋጠው ማታ፣ አልጋ ላይ ሊወጣ ሲባል ነው። መደበቱ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም እንቅልፍ ላጣች ሴት እርዳታ ነው። ውጣ መኪና መንዳት ግን አይገባትም። በካፕሱል የሚመጣው አንዳንዱ በኦቾሎኒ ዘይት የተዘጋጀ ስለሆነ ኦቾሎኒ የማይስማማት ሴት ለፋርማሲስቷ መንገር አለባት። አወሳሰዱ ሁለት ዓይነት ነው። የወር አበባዋ እየተዛባ ቢሆንም ገና ያልቀረ ሴት ኤስትሮጅኑን በየቀኑ፣ ፕሮጄስትሮኑን ደግሞ በወር ከ12 እስከ 14 ቀን ትወስዳለች፤ ይህን ስትጨርስ ደም ታያለች፤ የሚጠበቅ ነው። ካረጠች ዓመት ያለፋት ሴት ሁለቱንም በየቀኑ ትወስዳለች፤ ደም ማየት የለባትም። ሆርሞን የያዘው ሉፕ ማህፀኗ ውስጥ የተቀመጠላት ሴት ደግሞ ጠባቂው እዚያው ውስጧ ስላለ እንክብሉ ላያስፈልጋት ይችላል፤ ለዚህ ጥቅም ግን ሉፑ በየአምስት ዓመቱ ይለወጣል። ተራው የመዳብ ሉፕ ይህን ሥራ አይሠራም። የሆርሞን ሕክምና ፅንስ እንደማይከላከልም ብዙዎች አያውቁም፤ በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች ሴት ይህን ሳትረዳ ልታረግዝ ትችላለች።

ስለ ደሙ ሲስተር ድምፅዋን ጠንከር አድርጋ ነው የተናገረችው። ሁለቱንም በየቀኑ የምትወስድ ሴት በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ነጠብጣብ ልታይ ትችላለች፤ አካሏ እስኪለምደው ነው። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ የሚቀጥል፣ ወይም ቆሞ እንደገና የሚመጣ፣ ወይም የሚበዛ ደም ግን መመርመር አለበት። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት "ተመለሰልኝ" ብላ ደስ ሊላት አይገባም።

የኋላ ረድፏ ሴት እዚያው ከአዳራሹ ወጥታ አዲስ አበባ ደወለች። እትዬ ጄሉን አቁመው ማህፀን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። በአልትራሳውንድ ታየ፣ ከሽፋኑም ናሙና ተወሰደ። የተገኘው ከልክ ያለፈ እድገት እንጂ ካንሰር አልነበረም፤ በፕሮጄስትሮን ሕክምና ጀመሩና ክትትል ላይ ናቸው። እህታቸውን በኋላ በስልክ ስናወራ ከሁሉ በላይ የከነከናት፣ ጄሉን የላከችው ስለምትወዳቸው መሆኑ ነበር።

አገር ቤት ላሉ ሴቶች ሌሎች መጠንቀቂያዎችም አሉ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶችም ኤፋቪሬንዝ ጉበት ሆርሞኖችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጉታል። እንዲህ ሲሆን የኤስትሮጅኑ ጥቅም ብቻ ሳይሆን የፕሮጄስትሮኑም ጥበቃ ይደክማል። የታይሮይድ እንክብል የምትወስድ ሴት በአፍ የሚዋጥ ኤስትሮጅን ስትጀምር የታይሮይዱ መጠን እንደገና መታየት ሊኖርበት ይችላል። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ቀዳሚው ካንሰር ሆኖ ሳለ የጡት ራጅ የሚገኘው በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። ስለዚህ ሆርሞን ለመጀመር ያሰበች ሴት ቢያንስ ጡቷን በሐኪም እጅ ትመርመር፣ ግፊቷን ትለካ፣ የቤተሰቧን ታሪክ ታስመዝግብ፣ መድኃኒቱ በየወሩ ሳይቆራረጥ የምታገኝበት መንገድ መኖሩንም ታረጋግጥ። የእንግዳ ሻንጣ እየጠበቁ የሚወሰድ ሆርሞን አንዱ ሲገኝ አንዱ የሚጠፋበት ነው።

በዕድሜ ሳይደርሱ የሚያርጡ ሴቶች ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባዋ የቆመ፣ ወይም በቀዶ ሕክምና የእንቁላል እጢዎቿ የወጡ ወጣት ሴት ሆርሞን ካልተተካላት አጥንቷም ልቧም ይጎዳሉ። ለእሷ የሚከለክል ነገር እስከሌለ ድረስ ቢያንስ እስከ ተለመደው የማረጫ ዕድሜ፣ እስከ 51 ዓመት ገደማ፣ እንድትወስድ ይመከራል። በ2002ቱ ቁጥሮች እሷን ማስፈራራት ስህተት ነው። የእርሷ አካል ሊኖረው ሲገባ ያጣውን ነው የምትተካው።

በኅዳር 2025 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ በማረጥ ሆርሞኖች የመድኃኒት መግለጫ ላይ ለዓመታት የቆየውን በጥቁር ሳጥን የታጠረ የልብ፣ የጡት ካንሰርና የመርሳት ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ መወሰኑን አስታወቀ። ሐኪሞች በዚህ ላይ አንድ ቃል አይደሉም፤ ዘገየ የሚሉ አሉ፣ ፈጠነ የሚሉም አሉ። በሳጥኑ ውስጥ እንዲቀር የተደረገ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ኤስትሮጅን ብቻውን በሚሰጥባቸው መድኃኒቶች ላይ ያለው የማህፀን ሽፋን ካንሰር ማስጠንቀቂያ ነው። በ1975ቱ ጥናቶች የታየው ያው አደጋ ነው።

ለስንት ጊዜ ትውሰደው ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። ጥምሩ በቆየ ቁጥር የጡት ካንሰር ዕድል ይጨምራል፣ ካቆመች በኋላ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከጀመረች ከሦስት ወር በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱ ሐኪሟ ዘንድ ተመልሳ አሁንም ያስፈልገኛል ወይ፣ መጠኑ ይቀነስ ወይ ብላ ትጠይቃለች። በመሃል ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ባት እብጠት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ የዓይን መጋረድ ከመጣባት ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ። ሆርሞን የማይፈቀድላት ሴትም ባዶ እጇን አትመለስም። በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ፌዞሊኔታንት ሆርሞን ሳይሆን አንጎል ውስጥ ሙቀትን የሚቆጣጠረውን ክፍል የሚያረጋጋ እንክብል ነው፤ የጉበት ምርመራ ግን ይፈልጋል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም በዝቅተኛ መጠን ሙቀቱን ይቀንሱታል።

አዳራሹ ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ ያልጠየቀው፣ በኋላ ግን ሦስት ሴቶች ሲስተርን ጥግ ይዘው የጠየቋት የብልት ድርቀቱን፣ በግንኙነት ጊዜ የሚመጣውን ሕመምና ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰውን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ሙቀቱ ከዓመታት በኋላ ይለቃል፤ ይህ ግን ካልታከመ እየባሰ ይሄዳል። መድኃኒቱ በብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው የኤስትሮጅን ክሬም፣ ኪኒን ወይም ቀለበት ነው። ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ስድሳም ሰባ ዓመትም የሆናት ሴት ልትጀምረው ትችላለች፤ ማህፀን ላላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ፕሮጄስትሮን የማይጨመርበት የኤስትሮጅን ዓይነትም ይህ ነው። የጡት ካንሰር የነበረባት ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ትመክርበታለች። ደም ያየች ደግሞ እዚህም ላይ ትመረመራለች።